ማታ ባዶ የሆነ የኬክ መደርደሪያ ምስጋና ይገባዋል

የቀኑ ሥራ ተፈጽሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ከልጆች ወይም ከወዳጅ ጋር ወደ ሰፈር ኬክ ቤት ጎራ ብሎ አንድ ማኪያቶና አንድ ኬክ መቅመስ ለአዲስ አበባ ሰው የቆየ ልማድ ነው። ሚልፎሊና ቦምቦሊኖ በስማቸው እንደሚያስታውቁት ከኢጣልያ አገር የመጡ ቢሆኑም፣ ዛሬ በየሰፈሩ በወገኖቻችን እጅ እየተጋገሩ የራሳችን ሆነዋል። እኛም ይህን ልማድ አንነቅፍም፤ ድካምን የሚያስረሳና ቤተ ሰብን የሚያቀራርብ ነውና። የምንነቅፈው ሌላ ነው፤ ይኸውም ማታ መደርደሪያው ሞልቶ ያላየነውን ቤት መናቃችን ነው።

በቅርቡ አንድ ማታ ከአራት ጠረጴዛ በላይ ከሌላት ከአንዲት ትንሽ ኬክ ቤት ገብተን ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሚልፎሊና ጥቂት ደረቅ ኬኮች ብቻ ነበሩ። ወዲያው አንድ አባት የሴት ልጃቸውን እጅ ይዘው ገቡና መደርደሪያውን ተመልክተው «ያለው ይኸው ብቻ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ባለቤቲቱም «አዎን ጋሼ፣ የዛሬው አልቋል፤ ነገ ጧት ትኩስ ይደርሳል» ስትል በትሕትና መለሰች። እርሳቸው ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡና መንገዱን ተሻግረው መደርደሪያው እስከ ላይ ወደ ሞላው ቤት ገቡ። ባለቤቲቱም ወደ እኛ ዞር ብላ «እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ብዙ ብሠራ ይተርፍብኛል፣ ጥቂት ብሠራ ደንበኛ ይሸሸኛል» አለች። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ይህ ንግግሯ ነው።

በኬክ ውስጥ የሚገባው ክሬም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከስኳር የሚሠራ ስለ ሆነ ለሰው እንደሚጣፍጥ ሁሉ በዓይን ለማይታዩ ተሕዋስያንም የተመቸ ምግብ ነው። ከነዚህም አንዱ፣ ስታፊሎኮከስ የሚባለው፣ በጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ሳይቀር ይኖራል፤ በመገለ ቁስል ላይ ደግሞ ይበዛል። ጋጋሪው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ክሬሙን ሲነካ ተሕዋሱ ወደ ክሬሙ ይሻገራል። ክሬሙ ሳይቀዘቅዝ ከቆየም ተራብቶ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ የኬኩን ጣዕምም ሆነ ሽታ አይለውጥም፤ ተመልሶ ቢሞቅ እንኳ በቀላሉ አይጠፋም። የበላው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜም ተቅማጥ ይከተለዋል። ጠንካራ ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ይሻለዋል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ግን የሰውነታቸው ፈሳሽ ቶሎ ስለሚያልቅ ለብርቱ አደጋ ይጋለጣሉ።

ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ስለ ምግብ ደኅንነት በሚናገረው ምክር፣ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ እንዳይቆይ፣ ቶሎ የሚበላሽ ምግብም ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጥ አሳስቧል። መስታወት ዝንብና አቧራን ይከለክላል፤ ጊዜን ግን አይከለክልም። በውስጡ የሚበራው አምፖልም ኬኩን ያሳምረዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። መብራት ለብዙ ሰዓት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ማቀዝቀዣው ራሱ ተራ ሣጥን ይሆናል።

ማታ የሞላ መደርደሪያ ሁሉ የከረመ ኬክ የያዘ ነው አንልም። ከቀትር በኋላ የሚጋግሩና በቂ ማቀዝቀዣ ያላቸው ቤቶች አሉ። ነገር ግን ደንበኛ መደርደሪያው ሁልጊዜ እንዲሞላ ከፈለገ፣ አቅሙ ትንሽ የሆነ ነጋዴ የትናንቱን ከዛሬው ጋር ለመደባለቅ ይፈተናል። የጾም ቀኖችንም እናስብ። ማክሰኞ ማታ የተረፈ የክሬም ኬክ ረቡዕ ገዢው ያንሳል፤ ሐሙስ ዕለት ከአዲሱ ጎን ተሰልፎ ቢገኝ ማን ይለየዋል? ጥፋቱም የነጋዴው ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ግማሹ የእኛ የደንበኞች ነው።

እንግዲህ የኬክ ቤት ባለቤቶች ጥቂት ጥቂት እየሠሩ ቶሎ ቶሎ ቢሸጡ ይሻላል። የክሬሙን ኬክ በማቀዝቀዣ፣ ክሬም የሌለውን ደረቁን በመደርደሪያ ቢያስቀምጡ ማታም ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር አያጡም። ኬኩን በመቆንጠጫ ያንሡ፤ ብር የቆጠረ እጅ ኬክ አይንካ። ሳይቀዘቅዝ የዋለውን የክሬም ኬክ መጣል እንደሚያሳዝን እናውቃለን፤ ሆኖም አንድ ሕፃን የታመመበት ቤት ስሙን በብዙ ዓመት አያድሰውም።

ደንበኞችም ይሉኝታን ትተን «መቼ የተጋገረ ነው? የት ነው የዋለው?» ብለን በጨዋ ቃል እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ ስድብ አይደለም፤ ሥራውን በሚገባ ለሚሠራ ሰው እንዲያውም ክብር ነው። ለቤት የገዛነውንም እስኪነጋ በጠረጴዛ ላይ አንተወው። የጤና ተቆጣጣሪ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ደንበኛ ግን በየማታው ይመጣል፤ ስለዚህ ከማንም ይልቅ ኬክ ቤቱን የሚያርመው ወይም የሚያበላሸው የደንበኛው ፍላጎት ነው።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ወደዚያች ትንሽ ኬክ ቤት ማታ ተመልሰን መደርደሪያዋን ባዶ ብናገኘው «አልቋል» የሚለውን ቃል እንደ ምስክር ወረቀት ቆጥረን እንቀበለዋለን። ማኪያቷችንን ጠጥተን፣ ባለቤቲቱን አመስግነን፣ ለኬኩ በማግሥቱ ጧት እንመለሳለን። አንባቢዎቻችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ እንለምናለን።