በልክ የተሰፋ ሠርግ

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ከባንክ መስኮት ጀርባ ለሚቀመጥ ሰው የተለየ መልክ አላቸው። ዓመት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል የከረመ ቁጠባ በአንድ ረፋድ ተጠራርጎ ይወጣል። ጥንዶቹ እየተሳሳቁ ይፈርማሉ፤ እኔም «እንኳን ደስ አላችሁ» እላለሁ፤ ከልቤ ነው። የሚያሳስበኝ በደብተሩ ላይ የሚቀረው አኃዝ ነው፤ የመጋቢትን የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንምና።

ሠርግ እወዳለሁ። ሙግቴ ግን የሠርግ ውበት ገንዘቡ ከሚፈስበት ቦታ እምብዛም አይገኝም የሚል ነው። በሕግ ዓይን ጋብቻ ርካሽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ያጸናል፤ ከሦስቱ አንዱም ሊሞዚን አይጠይቅም። ኪሳችንን የሚያራግፈው ይሉኝታ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለእናቶቻችን ፍትሐዊ እንሁን። አንዲት እናት 30 ዓመት ሙሉ በሰው ድንኳን ስትበላና ስትጠጣ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንጀራ ስትጋግር ከኖረች በኋላ «ልጄን 50 ሰው ጠርቼ አልድርም» ብትል ግብዝ አያሰኛትም፤ የቆየ ብድሯን ልትመልስ ነው። ወጣቶች በዚህ ነጥብ ላይ ቸኩለው ሲያፌዙ እሰማለሁ፤ አልወድላቸውም። ነገር ግን ብድሩ የተቆጠረው በምን ነበር? እሷ ለጎረቤቷ ያዋጣችው ክንዷን ነው፤ ታዲያ መልሱ በሆቴል አዳራሽ፣ በነፍስ ወከፍ በሚከፈልበት ሳህን የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? የእድሩ ድንኳን፣ ድስትና ወንበር አለ። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለእርድና ለምግብ ማብሰያ ተብለው የተሠሩ የጋራ ሕንፃዎች አሉ። ጠላው ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል፤ ሽንኩርቱ በዘፈን ይከተፋል። እኔ እንደማየው የሠርጉ ግማሽ ደስታ ያለው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ሆቴል የገባ ሠርግ ይህንን ግማሽ ውጭ ትቶ ነው የገባው።

የመልሱንና የቅልቅሉን ድግስ አንድ ማድረግም ነውር አይደለም፤ ሁለቱ ቤተሰቦች አስቀድመው ከተነጋገሩበት። ጊዜም ይመረጥ። ሁሉም በጥር ሲጋባ የአዳራሹም፣ የበሬውም፣ የካሜራ ባለሙያውም ዋጋ ይሰቀላል። ከመስቀል በኋላ የነቢያት ጾም እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ድረስ ያለው ወቅት ግን ሰፊ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አደይ አበባ ሜዳውን ሞልቶታል። (ከሆለታ ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ የሚጭን አገር ሙሽሮቹን በፕላስቲክ አበባ ሥር ማስቀመጡ ዘወትር ይገርመኛል።)

ወርቅና ከውጭ የሚመጣ ቬሎ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጨርሶ የሚቀመሱ አልሆኑም። ቬሎ ለአንድ ቀን ይከራያል፤ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ የሐበሻ ቀሚስ ግን ለከርሞ ጥምቀትም፣ እግዜር ሲፈቅድ ለልጅ ክርስትናም ይለበሳል። ቀለበቱ ቀጭን ቢሆን ጣት አያማርርም። ሊሞዚኑም ይቅር፤ የአጎት መኪና ታጥባ ሪባን ከታሰረላት፣ ሚዜዎቹ ጥሩንባዋን ያለ ዕረፍት ማስጮኻቸው አይቀርም።