የታደሰ ኩፔ፤ ውበቱ ለባለቤቱ፣ ትርፉ ለጋራዡ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ሽቱትጋርት በሚገኘው የሜርሴዲስ ቤንዝ ሙዚየም በተካሄደ ጨረታ አንድ የ1955 ሜርሴዲስ 300 ኤስ ኤል አር ኩፔ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በጨረታ ለመኪና ከተከፈለ ዋጋ ሁሉ የበለጠ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ኩፔ ማለት በጎማ ላይ የቆመ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ያረጀውን በርካሽ መግዛት፣ ማሳደስ፣ ጥቂት ዓመት አስቀምጦ መሸጥ። ይህ ስሌት ለአብዛኛው ሰው የኪሣራ ስሌት ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም በአኃዝ ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሽቱትጋርቱን ኩፔ እንርሳው። የተሠራው በሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ በደላላ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። መካከለኛ ካፒታል ያለው ሰው በእርግጥ ሊገዛው የሚችለው የመኪና ዘመን ጅማሬ ኩፔ ፎርድ ሞዴል ቲ ነው። ኩፔ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የተቆረጠ» ማለት ነው። የፈረስ ሠረገላው የኋላ መቀመጫ ብቻ እንዲቀር ከፊቱ ተቆርጦ የተሠራው ለሁለት ሰው የሚሆን ዝግ ሠረገላ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ስሙ ወደ መኪና ተሸጋገረ። በአሜሪካ በዝናብና በብርድ ሌሊት በሽተኛ ቤት የሚሄዱ ሐኪሞች ስለወደዱት «የዶክተር ኩፔ» እስከመባል ደርሷል።

ሞዴል ቲ በ1908 ገበያ ላይ ሲውል ክፍት የሆነው የቤተሰብ መኪና ዋጋው 850 ዶላር ነበር። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ውስጥ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ተዘረጋ። ቀድሞ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻንሲ መገጣጠም በ1914 ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ፤ ዋጋም አብሮ ወረደ። በ1925 ባለ ሁለት መቀመጫው ክፍት መኪና 260 ዶላር ብቻ ሆነ። ኩፔው ግን 520 ዶላር ነበር፤ ልክ እጥፍ። ሞተሩ አንድ፣ ሻንሲው አንድ፣ ጎማው አንድ ሆኖ ጣሪያ፣ በርና መስታወት ብቻ ዋጋውን እጥፍ አደረጉት። ገዢውም እየከፈለ ነበር። በአሜሪካ በ1919 ከተሸጡት መኪናዎች ዝጎቹ አሥር ከመቶ ያህል ነበሩ፤ በ1927 ሰማንያ አምስት ከመቶ ደረሱ። ጄኔራል ሞተርስ ዝግ መኪናን በብድር ይሸጥ ነበር፤ ኩባንያው የራሱን የብድር ድርጅት ያቋቋመው በ1919 ነው። ሄንሪ ፎርድ ብድር አይወድም ነበርና በ1923 ደንበኛው በሳምንት 5 ዶላር እያስቀመጠ ገንዘቡ ሲሞላ መኪናውን የሚወስድበት ዕቅድ አወጣ። (በእኛ አነጋገር ደንበኛው ለብቻው የሚጥለው ዕቁብ ነው።) ጎረቤቱ መኪናውን በብድር ወስዶ ሲነዳ እሱ ገና ይቆጥባል። የሞዴል ቲ ቀላል ሻንሲም ለክፍት መኪና የታሰበ ስለነበር ከባዱ ዝግ አካል አልተስማማውም። ፎርድ በ1927 ማምረቱን ሲያቆም ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ተሠርቶ ነበር።

ይህን አኃዝ ገዢው ልብ ይበለው። ከ15 ሚሊዮን መኪና ብዙው ቢጠፋም የተረፈው ገበያውን ለመሙላት በቂ ነው። በአሜሪካ በደህና ሁኔታ ላይ ያለ የታደሰ ሞዴል ቲ ኩፔ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ዶላር ባለው ውስጥ ነው። የአማካዩን 15 ሺህ እንውሰድ። በ1925 የተከፈለው 520 ዶላር በዋጋ ግሽበት ሲሰላ ዛሬ ወደ 9 ሺህ 300 ዶላር ይሆናል። አንድ ቤተሰብ ኩፔውን አዲስ ገዝቶ ለመቶ ዓመት ቢያስቀምጠው ያገኘው እውነተኛ ጭማሪ በዓመት ግማሽ ከመቶ አካባቢ ነው ማለት ነው። ከዚህ ላይ የመቶ ዓመት የጋራዥ ኪራይ፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ ሲቀነስ የሚቀረውን አንባቢ ራሱ ይገምት።

እድሳቱን ደግሞ እንመልከት። የዚያን ጊዜ ዝግ መኪና ከላይ ላሜራ ቢሆንም ውስጡ እንጨት ነው። ጣሪያውን፣ በሩንና የመስታወቱን ክፈፍ የያዘው የእንጨት አጥንት ነው፤ እንጨቱ ከበሰበሰ በሩ ይወርዳል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከላሜራ ሠሪው በፊት አናጢ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ቀለም ቀቢው፣ የመቀመጫ ሰፊው፣ የሞተር ባለሙያው ይከተላሉ። ሞተሩ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው ቀላል ነገር ነው፤ ገንዘብ የሚበላው አካሉ ነው። አንድ ሺህ የሥራ ሰዓት በ80 ዶላር ቢታሰብ 80 ሺህ ዶላር ይሆናል፤ ይህ ምሳሌ እንጂ ተመን አይደለም፤ ሆኖም ሙሉ እድሳት አስደርጎ የሚያውቅ ሰው አጋነንክ የሚለኝ አይመስለኝም። 80 ሺህ ወጥቶበት 15 ሺህ የሚያወጣ ንብረት በየትኛውም መዝገብ ቢጻፍ ስሙ ኪሣራ ነው። ባለቤቱ ጊዜውን ሳይቆጥር በገዛ እጁ ቢሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ግን መዝናኛ ነው፣ መዝናኛ ደግሞ ወጪ እንጂ ኢንቨስትመንት አይባልም።

«ሞዴል ቲ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ውዱን ኩፔ ብናሳድስስ?» የሚል ይኖራል። በፌብሩዋሪ 2009፣ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በበረታበት ወቅት፣ ቦንሃምስ የተባለው አጫራች ፓሪስ ላይ አንድ የ1937 ቡጋቲ ታይፕ 57 ኤስ አታላንቴ ኩፔ አቀረበ። መኪናው እንግሊዝ አገር ጋራዥ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት አቧራ ጠጥቶ የተገኘ እንጂ የታደሰ አልነበረም። ከ3.4 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። ገዢዎች የከፈሉት ለሻንሲ ቁጥሩ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ለነበረው ሞተሩና የመጀመሪያ ባለቤቱን ለሚያሳየው ሰነድ ነው። የ57 ኤስ አታላንቴ ኩፔ የተሠራው 17 ብቻ ነውና ይህ ማስረጃ ዋጋ አለው። እድሳት ደግሞ ማስረጃን ሊያጠፋ ይችላል፤ የቀድሞው ቀለም አንድ ጊዜ ከተፋቀ በገንዘብ አይመለስም። የሚያብለጨልጭ ቀለም አይቶ የሚከፍልና ወረቀት አይቶ የሚከፍል ገዢ አንድ አይደሉም፤ ሚሊዮኑን የያዘው ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ አንባቢ የራሱ ጥያቄ እንዳለው አውቃለሁ። እኛ ዘንድ መኪና እያረጀ ዋጋው ሲጨምር አይተናል። ነገር ግን ዋጋውን ያወጣው እርጅናው ሳይሆን ቀረጡ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱና በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ የተላለፈው ክልከላ ነው። ደንብ የፈጠረው ዋጋ በደንብ ይፈርሳል። የአሮጌ መኪና ዓለምም ተመሳሳይ ደንብ አለው። በየዓመቱ በኖቬምበር ወር ከለንደን እስከ ብራይተን በሚደረገው የጥንት መኪናዎች ጉዞ የሚገባው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1905 በፊት የተሠራ መኪና ነው። የ1904 መኪና ሻጭ የመግቢያ ፈቃድ አብሮ ይሸጣል፤ የ1905 መኪና ሻጭ የሚሸጠው መኪናውን ብቻ ነው። ሞዴል ቲ በ1908 የመጣ በመሆኑ ከዚህ ድግስ ውጪ ነው።

ፍላጎቱም እንደነበረ አይቆይም። ሞዴል ቲ ለመንዳት ሦስቱን ፔዳል እንደገና መማር ይጠይቃል፤ ግራው ማርሽ መቀያየሪያ፣ መካከለኛው ወደ ኋላ መሄጃ፣ ቀኙ ፍሬን ሲሆን ቤንዚን የሚሰጠው መሪው ሥር ባለ የእጅ ዘንግ ነው። አባቱ ሲነዳው እያየ ያደገው ትውልድ አልፏል ማለት ይቻላል። ጨረታ ውስጥም ገዢው ከመዶሻው ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ 10 ከመቶና ከዚያ በላይ ኮሚሽን ይጨምራል፤ ሻጩም የራሱን ይከፍላል። መኪናው ገበያ ገብቶ በወጣ ቁጥር የሚያተርፈው አጫራቹ ነው።

እንግዲህ መግዛት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? ሌላው ሰው አሳድሶ የጨረሰውን ይግዛ። 80 ሺህ ያወጣው ባለቤት ሲሸጥ ገበያው የሚሰጠው 15 ሺህ ከሆነ 65 ሺህ ዶላር የሚያወጣ የአናጢና የላሜራ ሥራ ለገዢው በነጻ ተላለፈ ማለት ነው። የእድሳቱን ፎቶግራፎች፣ ደረሰኞችና የሞተር ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አስተያይቶ ይቀበል፤ በሩን ከፍቶ ሳያነሳ ይዝጋው፣ የሚንጠለጠል ከሆነ እንጨቱ አልተነካም።

በዚህ ንግድ ለማትረፍ የፈለገ ግን ዓይኑን ከመኪናው ላይ ያንሳ። ለሞዴል ቲ ዛሬም አዲስ መለዋወጫ ይመረታል፤ ከጎማ እስከ ራዲያተር፣ ከጋስኬት እስከ እንጨት አጥንቱ ድረስ በካታሎግ ታዞ ይላካል። ባለ ኩፔው ሁሉ፣ አትራፊም ሆነ ከሳሪ፣ በየዓመቱ ከእነዚህ ሰዎች ይገዛል።