የደንበኛ መዝገብና የውጭ ምስክር

የነጋዴ ሀብቱ በመጋዘን የተከመረው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚገዛ፥ ማን በዱቤ እንደ ወሰደና ማን በቀጠሮው ቀን እንደሚከፍል የሚያውቅበት መዝገቡም ጭምር ነው። ይህ መዝገብ በአሁኑ ጊዜ ከሒሳብ ደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ በመግባት ላይ ይገኛል። ባለሙያዎች የደንበኞች ግንኙነት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይሉታል። ስሙ ረዘመ እንጂ ነገሩ ያው የዱቤ መዝገብ ሲሆን፥ የደንበኛውን አድራሻ፥ የገዛውን ዕቃ፥ ያለበትን ዕዳና ከእርሱ ጋር የተደረገውን ንግግር ሁሉ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ነው።

ነገር ግን ነጋዴ ስለ ደንበኛው ሊያውቅ ከሚገባው ነገር ብዙው በገዛ መዝገቡ የሚገኝ አይደለም። የንግድ ፈቃዱ የጸና መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። የውጭ ምንዛሪን የዕለት ዋጋ የሚያወጡት ባንኮች ናቸው። የቡናና የሰሊጥ ዋጋ የሚገለጸው በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ለዱቤ መያዣ እንዲሆን የቀረበው ተንቀሳቃሽ ንብረት ቀድሞ ለሌላ አበዳሪ ተይዞ እንደ ሆነም፥ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የተቋቋመው መዝገብ ይመሰክራል። ታዲያ ይህ በሌላ ቤት የሚኖር እውነት ወደ ነጋዴው መዝገብ የሚገባው በምን መንገድ ነው? አንደኛው መንገድ ገልብጦ ማስገባት ነው፤ ሁለተኛው ግን ነገሩን በባለቤቱ ዘንድ ትቶ፥ ባስፈለገ ጊዜ ከመዝገቡ ገጽ ላይ እንደ መስኮት ከፍቶ ማየት ነው። በብዙው ንግድ ቤት የተለመደው የመጀመሪያው ነው፤ የሚሻለው ግን ሁለተኛው ነው።

ለምሳሌ በመንዝ፥ በመሐል ሜዳ ከተማ፥ ባናና በርኖስ የሚነግድ አንድ ሰው ይታሰብ። የደጋው በግ ጠጉር ተሸልቶ፥ በሴቶች እጅ ተፈትሎ፥ በሸማኔ ተሠርቶ ለገበያ እስኪደርስ ስንት ድካም እንዳለበት የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ይህ ነጋዴ ለአንድ የአዲስ አበባ ባለሱቅ ባናውን በሁለት ወር ዱቤ ይልካል። መጀመሪያ በተዋወቁ ጊዜ የንግድ ፈቃዱን ግልባጭ ጠይቆ ተቀብሏል፤ ጸሐፊውም በመዝገቡ ላይ «ፈቃዱ የጸና» ብሎ ጽፏል። ፈቃድ ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነገር ነው። ባለሱቁ በሚቀጥለው ዓመት ሳያሳድስ ቀርቶ ሱቁን ወደ መዝጋት ቢደርስ፥ የመሐል ሜዳው መዝገብ አሁንም «የጸና» እያለ ይቀመጣል። ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ በጻፈበት ቀን ነገሩ እውነት ነበር። ነጋዴው ግን በዚያች ቃል ተማምኖ ሦስተኛውን ጭነት ይልካል፤ ነገሩን የሚረዳውም የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ሚኒስቴሩ በድረ ገጹ ማንም ሰው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌላውን ፈቃድ እንዲያይ ስለ ፈቀደ፥ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት የአንድ ደቂቃ ሥራ ይበቃ ነበር። አንድ ደቂቃዋን የሚያስቀር ያ ግልባጭ ነው፤ «አለን» ያሰኛልና።

አስመጪዎች ደግሞ ይህንኑ ትምህርት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በውድ ተምረዋል። እስከዚያ ቀን ዋዜማ ድረስ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንዱን የአሜሪካ ዶላር በ57 ብር ከሳንቲም ይገዛ ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በታወጀበት ዕለት ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ጥቂት ሳምንታትም ሳያልፉ ከ100 ብር በለጠ። ለደንበኛው የዋጋ ማቅረቢያ የሚያወጣበት ሠንጠረዥ የቆየውን ምንዛሪ ገልብጦ የያዘ ነጋዴ፥ ማለዳ ዋጋ ሰጥቶ ከሰዓት በኋላ ከራሱ ኪስ ጨማሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ስለሚያወጣ፥ አንድ ቁጥር ጽፎ መቀመጥ ከቶ የማይሆን ነገር ሆኗል።

መስኮቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሴልስፎርስ የተባለው በዓለም የታወቀ የደንበኛ መዝገብ ፕሮግራም በውጭ መዝገብ ያለውን ረድፍ በራሱ ገጽ ላይ ያሳያል፥ ነገር ግን አያስቀምጥም፤ የማይክሮሶፍትም ተመሳሳይ መሣሪያ አለው። መዝገብና መዝገብ የሚጠያየቁበትም ኦዳታ የሚባል የጋራ ደንብ አለ። ይህን ለባለሙያ መተው ይቻላል። ለነጋዴው መተው የማይቻለው ግን ሁለቱን መዝገቦች የሚያያይዘው ቁልፍ ነው። በስም ማያያዝ አያዋጣም። የግሼ ራቤል ባለሱቅና የመርሐቤቴ ዓለም ከተማ እህል ነጋዴ በስምም በአባት ስምም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ደግሞም አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ያለውን ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፈዋል፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ እንደ ሆነማ መልኩ ስንት እንደሚሆን መቍጠር ያስቸግራል። ሰው አንብቦ ያስታርቀዋል፥ ኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደንበኛ ረድፍ ላይ 10 አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳይጎድል ሊጻፍ ይገባል። የዘመን አቈጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ ሰኔ 30 ቀን 2017 የሚያበቃን ፈቃድ በፈረንጅ አቈጣጠር የሚያነብ ፕሮግራም ደህናውን ነጋዴ ፈቃዱ ከወደቀ ስምንት ዓመት ያህል ያለፈው ያደርገዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ደግሞም ከደጋው አገር የሚነሣ ነው። መስመር በጠፋ ጊዜ መስኮቱ ምን ያሳያል? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ የሚዘነጋ አይደለም፤ መብራትም ይጠፋል። ተቃውሞው እውነት ነው። መልሱ ግን ወደ ግልባጭ መመለስ ሳይሆን፥ ሁለቱን ዐይነት ነገር መለየት ነው። ነጋዴው ራሱ የሚያውቀው፥ ይኸውም ዱቤው፥ ክፍያውና ቀጠሮው፥ በቤቱ በገዛ መዝገቡ ይቀመጥ፤ መስመር ኖረም አልኖረም አይጥፋ። ከውጭ የታየው ደግሞ «በዚህ ቀን፥ በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ ታይቷል» ተብሎ ይመዝገብ። መስመር ሲቋረጥ ያ የመጨረሻ ዕይታ ከነዕድሜው ይነበባል፤ ሦስት ቀን የሆነው አንድ ነገር ነው፥ ስምንት ወር የሆነው ሌላ ነው። ስልክ የሚሠራ ከሆነም ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለውን ሰው መጠየቅ አለ፤ የመንዝ ነጋዴ ከገበያ የሚመለሰውን መንገደኛ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ማለትን አልተወም።

ግልባጭ ማከማቸት ሌላም ጣጣ አለው። የደንበኞችን የፋይዳ መታወቂያ ፎቶግራፍ በስልክ ውስጥ ማጠራቀም የተለመደ ሆኗል። ስልኩ በገበያ መካከል ቢሰረቅ የሚወጣው የነጋዴው ምስጢር ብቻ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የሰውን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ አለበት።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም በየወሩና በየተጠቃሚው በዶላር የሚከፈልበት ስለ ሆነ ለትንሹ ባለሱቅ አቅም አይሆንም፤ ግድም አይደለም። ከድረ ገጽ ቍጥር የሚስብ የኤክሴል ሠንጠረዥ ለብዙው ይበቃል፤ በወረቀት ደብተር የሚሠራውም ከስሙና ከዕዳው ጐን «የታየበት ቀን» የሚል አንድ ዓምድ ቢያሰምር ግማሹን መንገድ ሄደ ማለት ነው።

የቀረው ግማሽ ግን በነጋዴው እጅ ያለ አይደለም። ፈቃድን በድረ ገጽ አንድ በአንድ ማየት ለ10 ደንበኛ ይሆናል፤ 400 ባለሱቅ ለሚያቀርብ አከፋፋይ ግን የማይቻል ነው። የንግድ ምክር ቤቶች ሚኒስቴሩን ሊጠይቁት የሚገባው፥ የነጋዴው ፕሮግራም የመለያ ቍጥሮችን ዝርዝር ልኮ ስለ እያንዳንዱ «የጸና» ወይም «ያልጸና» የሚል መልስ ብቻ የሚቀበልበት በር እንዲከፈት ነው። ስለ ካፒታሉም ሆነ ስለ አድራሻው ሌላ ምንም መግለጥ አያሻም። ፈቃድ የሚታደስበት ወራት ከሐምሌ ስለሚጀምር፥ ጥያቄው ከግንቦት ሳያልፍ በጽሑፍ ቢቀርብ መልካም ነው።