ማሳሰቢያ፦ የዋጋ ጣሪያው በቆጣቢው ላይ እንዳይፈርስ

ይህ ማሳሰቢያ ለሁለት ወገኖች ነው። አንደኛው ከወር ደመወዙ ቀንሶ ባንክ የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ሁለተኛው ዋጋ የሚተምነው፣ ወለድ የሚወስነውና ቦንድ የሚሸጠው የሥራ ኃላፊ ነው። የሁለቱም ቅንነት አያጠራጥርም፤ የሚያሰጋው ቸልታቸው ነው። ኑሮ ተወድዶ ሕዝብ ሲያማርር ፈጥኖ የሚመጣው መልስ የዋጋ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ከወጣ በኋላ ግን ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይህ ጥያቄ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጥልቀት ተጠንቷል፤ መልሱንም ሕዝቦች በገዛ ኪሳቸው አይተውታል።

አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ፋብሪካዎቿ ወደ ታንክና አውሮፕላን ዞሩ። ሠራተኛው ጥሩ ደመወዝ ያገኛል፤ የሚገዛው ዕቃ ግን ጠፋ። በኤፕሪል 1942 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የዋጋ አስተዳደር ቢሮ አብዛኛው ነጋዴ በማርች ወር ካስከፈለው ከፍተኛ ዋጋ በላይ እንዳይሸጥ አዘዘ። ትእዛዙ ብቻውን አልተተወም። ስኳር፣ ሥጋ፣ ቤንዚንና ጫማ በኩፖን ታደሉ፣ ግብር ጨመረ፣ የጦርነት ቦንድ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተሸጠ። ከ1943 አጋማሽ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ዋጋ የጨመረው ከ5 በመቶ በታች ነበር። የዋጋ ቁጥጥርን የሚያወድሱ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። አደጋው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው።

በመጀመሪያ፣ ታግዷል የተባለው ዋጋ ሁሉ በእርግጥ አልታገደም። በ1944 መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ጆርጅ ሚኒ እና አር. ጄ. ቶማስ መንግሥትን በይፋ ሞገቱ። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከጃንዋሪ 1941 እስከ ዲሴምበር 1943 የኑሮ ውድነት የጨመረው 23.4 በመቶ ነው ሲል፣ እነርሱ 43.5 በመቶ ነው አሉ። ክርክሩን የመረመረው፣ በኢኮኖሚስቱ ዌስሊ ሚቼል የተመራው ኮሚቴ የማኅበራቱን ቁጥር አልተቀበለም፤ መለኪያው ግን ከ3 እስከ 5 ነጥብ ያህል እውነቱን ዝቅ አድርጎ ማሳየቱን አመነ። ምክንያቱን እያንዳንዱ ሸማች ያውቀዋል። ሸሚዙ በዚያው ዋጋ ይሸጣል፣ ጨርቁ ግን ሳስቷል። ርካሹ ዓይነት ከመደርደሪያው ጠፍቶ ውዱ ብቻ ይቀራል። እኛም ዋጋው ሳይነካ ግራሙ የቀነሰ ዳቦ በልተናል። ስለዚህ የዋጋ መለኪያው ጸጥ ስላለ ብቻ የተረጋጋ ባለሥልጣን፣ ሕዝቡ በየቀኑ ከሚከፍለው ሒሳብ ከፊሉን ሳያይ ይቀራል።

ሁለተኛውና ከባዱ አደጋ ያለው ቁጠባው ላይ ነው። በ1943 እና በ1944 አሜሪካውያን ከግብር በኋላ ከሚቀራቸው ገቢ ሩብ ያህሉን ቆጠቡ። ከፊሉ የአገር ፍቅር ነበር፤ ከፊሉ ደግሞ የሚገዛ ነገር በመጥፋቱ የመጣ ነው። ገንዘቡ አልተቃጠለም፣ ቆሞ ነበር የሚጠብቀው። ጁን 30 ቀን 1946 የቁጥጥሩ ሕግ ጊዜው ሲያልፍ በአንድ ወር ብቻ ዋጋ ወደ 6 በመቶ ዘለለ። ቁጥጥሩ ሲመለስ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን ከገበያ አስቀሩ፣ ሥጋ ቤቶች ባዶ ሆኑ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን በኦክቶበር አጋማሽ የሥጋውን ጣሪያ ለማንሣት ተገደዱ። እስከ 1948 አጋማሽ ድረስ ዋጋ 30 በመቶ ያህል ጨመረ።

አሁን የቦንድ ገዢውን ሒሳብ እንሥራ። በ1942 አንድ ሠራተኛ 18.75 ዶላር ከፍሎ ቦንድ ገዛ። መንግሥት ቃሉን አላጠፈም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 25 ዶላር ሰጠው። ነገር ግን በ1942 እና በ1952 መካከል ዋጋ ከ60 በመቶ በላይ ጨምሯል። 25 ዶላሩ በ1952 የሚገዛው፣ በ1942 በ15 ዶላር ከአርባ ሳንቲም ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ወለድ ተቀበልኩ ያለው ሰው ከዋናው ከስሯል። ማንም አልሰረቀውም፤ ስለዚህም የሚከሰው ሰው የለውም።

እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ኬንስ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በ1940 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ከፊሉ በግዴታ ታግዶ ከጦርነቱ በኋላ በሀብታሞች ላይ ከሚጣል ልዩ ግብር እንዲመለስ ሐሳብ አቀረበ። የአከፋፈሉ ምንጭ በዕቅዱ ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በ1941 የወሰደው ግን ከሐሳቡ ጥቂቱን ነው፤ ጭማሪ ግብር ሰብስቦ የምስክር ወረቀት ሰጠ፣ መቼ እንደሚከፍል ግን አልቆረጠም። በ1946 ለአረጋውያን መክፈል ተጀመረ። ከቀሩት አንዳንዶቹ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጠበቁ፤ ገንዘባቸውን ሳያዩ የሞቱም ብዙ ናቸው።

ጀርመን ደግሞ የከፋው ደረሰባት። ዋጋ ከ1936 ጀምሮ ታግዶ ሳለ መንግሥት ጦርነቱን በሕዝብ ተቀማጭ ከፈለ። በጁን 1948 ገንዘቡ ሲቀየር 100 ራይኽስማርክ ያስቀመጠ ሰው በመጨረሻ የቀረለት 6.50 ዶይቸ ማርክ ነው። ቤትና ማሽን የነበረው ሀብቱን ይዞ ቀረ፤ የቁጠባ ደብተር ብቻ የነበረው ተራቆተ።

ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአገራችን ከደርዘን በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ ጣሪያ ተጥሎ ነበር፤ ዕቃ እየጠፋ፣ ሰልፍ እየረዘመ ሄደ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛው ተነሣ። በአሜሪካ የዋጋ ቁጥጥሩን ከመሩት አንዱ የነበረው ጋልብሬዝ በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ፣ ጥቂት ትልልቅ አምራቾች ያሉበትን ገበያ መቆጣጠር ከምግብና ከልብስ ገበያ እጅግ እንደሚቀልል አስረድቷል። ስለዚህ ሲሚንቶና ጤፍ በአንድ ዓይነት ሰርኩላር አይተዳደሩም። ወለዱንም እንይ፤ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገ፣ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የቤት መሥሪያ፣ የልጅ መዳሪያ፣ የጡረታ ገንዘብ በዚያ ክፍተት ውስጥ ቀልጧል።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ጣሪያ ስታወጡ የሚነሣበትን ቀንና ሁኔታ አብራችሁ አውጡ። ጣሪያውን ያለ እደላና ያለ ግብር ብቻውን አትተዉት። ክብደቱ የቀነሰውንና ጥራቱ የወረደውን ዕቃ መለኪያችሁ ውስጥ አስገቡ። ለአገር ጉዳይ ብላችሁ ከሕዝብ ስትበደሩ፣ ወለዱ ንረቱን የማይከተል ከሆነ ይህን ቦንዱ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ሰው አውቆ ይስጥ።

ውድ አንባቢ፣ መቆጠብን አትተው። የቁጠባ ደብተርህን ስትገልጥ ግን ከወለዱ ቁጥር አጠገብ የዓመቱን የዋጋ ጭማሪ ጻፍና አነጻጽር። ያለህን ሁሉ ለረጅም ዓመት በማይለወጥ ወለድ አትሰር። ቦንድ ስትገዛም ገንዘቡ መቼ፣ በስንት ወለድ፣ ከየት ተከፍሎ እንደሚመለስ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል።