በመንግሥት ስም የሚደወሉ የማጭበርበሪያ ጥሪዎች

በሪያድ የሚኖር የውጭ ሀገር ሠራተኛ የኢቃማና የትራፊክ ቅጣት ጉዳዩን በአብሸር ይከታተላል፤ ማንነቱንም በናፋዝ ያረጋግጣል። አጭበርባሪዎች የእነዚህን ተቋማት ስም የሚጠቀሙትም ሕዝቡ ስለሚያምናቸው ነው።

ደዋዩ ከሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ወይም ከባንክ እንደሆነ ይናገራል፤ ኢቃማው ወይም ሒሳቡ ሊታገድ መሆኑን ገልጾ ያስቸኩላል። ቀጥሎም በስልክ የደረሰውን የሚስጥር ቁጥር እንዲነግረው፣ አልያም በናፋዝ ላይ አንድ ቁጥር መርጦ እንዲያጸድቅ ይጠይቃል። ያ ቁጥር አጭበርባሪው ራሱ በተበዳዩ ስም የጀመረው መግቢያ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ አልተሰበረም፤ በሩን የከፈተው ተታልሎ ያጸደቀው ባለቤቱ ነው። ለቤተሰብ ሊላክ የተጠራቀመ ደመወዝም በደቂቃዎች ውስጥ ሊወሰድ ይችላል።

መለያው ግልጽ ነው፦ ባንክም ሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በስልክ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። ባለጉዳዩ ራሱ ያልጀመረውን የናፋዝ ጥያቄም ማጽደቅ አይገባውም። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ስልኩን ዘግቶ በባንክ ካርዱ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ይደውል፤ አጠራጣሪ መልእክትንም ወደ 330330 ያስተላልፍ። ገንዘብ ከተወሰደ ወዲያውኑ ባንኩ ሒሳቡን እንዲያግድ ማድረግና ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል።

በ2021 የወጣው የፋይናንስ ማጭበርበር መከላከያ ሕግ እስከ 7 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ይደነግጋል። የባንክ ሒሳቡን ወይም ሲም ካርዱን ለሌላ ሰው ያዋሰም በምርመራው መጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነው፤ ምዝገባው በስሙ ነውና።