የሰኔ ድካም፦ በመቐለ 70 እንደርታ ላይ የሚነገረውና የማይነገረው

ግንቦት ሲገባ በመቐለ ሻይ ቤቶች የሚሰማው ወሬ ዓመት ከዓመት አይለወጥም። ልጆቹ ትንፋሽ አጠራቸው። ወኔ የላቸውም። አሰልጣኙ መስመር ዳር ቆሞ ከማየት ሌላ ሥራ የለውም። ቡድኑ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ደግሞ የመጨረሻው ክስ ይመጣል፦ "ሸጡት!" ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ቡና ቀርቦ ወሬ ከተሟሟቀ ማን ማስረጃ ይጠይቃል?

ይኸው ተናጋሪ ማታ ስለ አርሰናል ሲያወራ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በ2022/23 የውድድር ዓመት አርሰናል 248 ቀን ሊጉን መርቶ ዋንጫውን ለማንቸስተር ሲቲ ማስረከቡን ሲያስረዳ እንደ ሐኪም ነው። ሳሊባ በመጋቢት ወገቡን ተጎዳ፤ ተከላካዩ ላላ፤ ከሊቨርፑል፣ ከዌስትሃምና ከሳውዝሃምፕተን ጋር በተከታታይ አቻ ወጣ፤ ተቀያሪ ወንበሩ ስስ ነበር ይላል። ትክክል ነው። የለንደኑ ክለብ ሲደክም ምክንያት ይፈለግለታል። የመቐለው ሲደክም የሚፈለገው ተወቃሽ ብቻ ነው።

የሰኔ ድካም የሚባል ነገር እውነት አለ። በጥቅምት እንደ ነብር የጀመረ ቡድን በሁለተኛው ዙር ማብቂያ ኳስ መግፋት ሲያቅተው የሊጉ ተከታታይ ሁሉ አይቷል። መነሻው ግን የክለቡ ካዝና ነው። ይህን የክለብ ቦርዶችም የከተማ አስተዳደሮችም አሳምረው ያውቁታል፤ እያወቁም ደጋፊው ተጫዋቹን ሲሰድብ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ስድቡ እነሱ ደጃፍ እስካልደረሰ ድረስ ይመቻቸዋል።

እስቲ ወደ 2011 ዓ.ም እንመለስ። ያኔ የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታ ሲጀመር ሊጉን የሚመራው ፋሲል ከነማ ነበር፤ መቐለ በአንድ ነጥብ ይከተላል። ፋሲል ከስሑል ሽረ ጋር አቻ ወጣ፤ መቐለ ድሬዳዋ ከተማን አሸነፈ፤ ዋንጫው በአንድ ነጥብ ልዩነት መቐለ ገባ። አማኑኤል ገብረሚካኤል የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያኔም ቢሆን ውጤቱን በኳስ ያስረዳ ሰው ጥቂት ነው። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ በአማራና በትግራይ ፖለቲከኞች መካከል የነበረው መካረር ስታዲየም ድረስ ገብቶ ስለነበር የአንዱ ድል ለሌላው ሴራ ሆኖ ታየ። እውነታው ቀላል ነበር፤ አንዱ ቡድን በመጨረሻው ቀን እግሩ ከበደው፣ ሌላው አልከበደውም።

ያልከበደውን ቡድን ያሰለጠነው ገብረመድህን ኃይሌ ነው። ይኸው ሰው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2010፣ ገና ከታችኛው ሊግ ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ አስተካክሎ በግብ ልዩነት ሻምፒዮን አድርጎ ነበር። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ባለድል አደረገ። በተለያዩ ሦስት ክለቦች ሦስት ዋንጫ ማለት ነው፤ ሁለቱ በመጨረሻው ቀን የተወሰኑ። እንግዲህ ዓመቱን በብርታት መጨረስ የሚችል አገር በቀል አሰልጣኝ የለም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል። አለ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ጅማ ምን ሆነ? አሰልጣኙ ሲለቅ ዋናው ችግር ቁልጭ ብሎ ወጣ። የአባ ጅፋር ተጫዋቾች የደመወዝ ጥያቄ ለዓመታት የስፖርት ዜና ሆኖ ከረመ፤ ቡድኑም በ2014 ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ አራት ዓመት ነው የወሰደው። የጅማ ልጆች በአራት ዓመት ውስጥ ኳስ ረሱ የሚል ሰው ካለ ይንገረን።

አሁን ወደ ካዝናው። አብዛኞቹ የአገራችን ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሊጉም የሚያልቀው እዚያው አካባቢ ነው። ይህ መገጣጠም ራሱ ሰኔና ሰኞ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ በጀት አለ፤ የዝውውር መስኮት ተከፍቷል፤ የቦርድ አባላት "እገሌን አስፈረምን" ብለው ከተጫዋች ጋር ፎቶ ይነሳሉ። ቅድመ ክፍያ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። እስከ ታኅሣሥ ሁሉ ሰላም ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የሥራ አስኪያጁ ስልክ መጥራት ያበዛል፤ ተጨማሪ በጀት ለምክር ቤት ይቀርባል። ግንቦት ላይ ምክር ቤቱ ራሱ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት እያሰበ ስለሆነ ለክለቡ ጆሮ የለውም። ሊጉ ግን ገና አላለቀም፤ ከባዱ ወር እየመጣ ነው።

ከ2013 ጀምሮ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ተጨመረ። ሊጉ የቴሌቪዥን ሥርጭት ውል አገኘና ውድድሩ በየሜዳው መዞሩ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ መካሄድ ጀመረ። ለምስሉ ጥሩ ነው። ለክለቡ ግን አሥራ አንድ ተጫዋች፣ ተቀያሪዎች፣ አሰልጣኞች፣ ወጌሻና ትጥቅ ያዥ ለወራት ሆቴል ይከርማሉ ማለት ነው። አልጋ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት በየቀኑ ይቆጠራል። የሜዳ ገቢ ደግሞ የለም፤ ድሬዳዋ ላይ የሚጫወተውን የመቐለ ቡድን ለማየት ከእንደርታ ማን ይወርዳል? ወጪው ሲጨምር ክለቡ መጀመሪያ የሚቆርጠው ለዓይን የማይታየውን ነው። ተስፋ ቡድን ውስጥ ያሉት ወጣቶች ከሆቴሉ ይቀራሉ። የአካል ብቃት አሰልጣኝ ቅንጦት ይሆናል። አንድ ወጌሻ ለሃያ አምስት እግር ይሮጣል። ጨዋታዎቹ ደግሞ ተቀራርበው ይመጣሉ፤ በመቐለ ነፋሻ አየር የለመደ ሳንባ በግንቦት የድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ይጣላል። ትንፋሽ አጠራቸው የሚለው አባባል ስህተት አይደለም። ትንፋሹን ማን እንዳሳጠረው ሳይጠይቅ መቆሙ ነው ችግሩ።

ደመወዙ የዘገየበት ተጫዋች ዘንድ እንሂድ። እሱን የሚሰድበው ደጋፊ እንደሚያስበው ሆን ብሎ አይሸነፍም። የሚያደርገው ሌላ ነው፤ እግሩን ይጠብቃል። ውሉ ሰኔ ላይ ያበቃል። ጉልበቱ ቢቀደድ የሚያሳክመው ክለብ፣ የሚያስታምመው ደመወዝ መኖሩን እርግጠኛ አይደለም። ሐምሌ ላይ ጤነኛ ሆኖ ካልተገኘ ሌላ ክለብ አያስፈርመውም። ቤት ውስጥ ደግሞ የቤት ኪራይ የሚጠብቅ ሚስት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቅ ልጅ አለ። ይህ ሰው በ80ኛው ደቂቃ በእግር መካከል የምትመጣን ኳስ ለማግኘት ይንሸራተታል? ግማሽ እርምጃ ይዘገያል። በእግር ኳስ ግማሽ እርምጃ ግብ ናት። ሻይ ቤት ያለው ደጋፊም ያችን ግማሽ እርምጃ አይቶ "ወኔ የለውም" ይላል። እሱ ራሱ ሦስት ወር ሳይከፈለው መሥሪያ ቤት በሰዓቱ የሚገባ ከሆነ ይፍረድ።

ፌዴሬሽኑ ችግሩን አላየም አይባልም። በ2011 ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደረገ። ክለቦቹ ግን ልዩነቱን በጓሮ በር መክፈል ለመዱ። ከሁሉ በላይ ግን ጣሪያው መልስ የሰጠው ለተሳሳተ ጥያቄ ነው። ምን ያህል ቃል ይገባ የሚለውን ወሰነ፤ ቃል የተገባው ይከፈላል ወይ የሚለውን ሳይነካ አለፈ። 20 ሺህ ብርም ቢሆን ካልተከፈለ ዜሮ ነው።

መቐለ ወደዚህ ገበያ የተመለሰው ከሁሉም ቆስሎ ነው። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰርዞ ስለነበር ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር የአገሪቱ የመጨረሻ ሻምፒዮን እሱ ነበር። ዋንጫውን የያዘ ቡድን በተነ። አማኑኤል ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ፤ ሌሎቹም በየአቅጣጫው። መቐለ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ አራት የውድድር ዓመት ከሊጉ ውጭ ቆዩ። ሊጉ ከሱፐርስፖርት ጋር የገባው በ22.5 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ውል አምስት ዓመት የሚዘልቅ ነበር፤ ከአምስቱ አራቱን ሦስቱ ክለቦች በሜዳ አልነበሩም። ተወዳዳሪዎቻቸው በቴሌቪዥን ሲታዩ፣ ስፖንሰር ሲለምዱ፣ ተጫዋች ሲያሳድጉ እነሱ ስማቸውን ብቻ ይዘው ተቀመጡ። በ2017 ሲመለሱ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ተባሉና በዚያው መስመር ላይ ቆመው እንዲሮጡ ተደረገ። ሻምፒዮን የነበረው መቐለ ከዋንጫው ፉክክር ርቆ ዓመቱን ጨረሰ። ይህን የወኔ ማነስ ብሎ የሚጠራ ሰው አራቱን ዓመታት የት ነበር?

"ሌሎቹም እኮ በሆቴል ነው የሚከርሙት" የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው። ስለዚህ በዚህ አሠራር እስከ 2017 ዋንጫ ያነሱትን እንቁጠር። 2013 ፋሲል፤ ከጀርባው ዳሸን ቢራና ግዙፍ ደጋፊ አለ። 2014 እና 2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ፤ እሱም ቢራውና ደጋፊው አለው። 2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ። 2017 ኢትዮጵያ መድን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱን ልብ ይበሉ፤ አንዱ የመንግሥት ባንክ፣ ሌላው የመንግሥት መድን ድርጅት ነው። ንግድ ባንክ ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት ነው ሻምፒዮን የሆነው። በአምስቱ ዓመታት በከተማ አስተዳደር ካዝና ብቻ ቆሞ ዋንጫ ያነሳ የለም። ሆቴሉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሆቴሉን ሂሳብ የሚዘጋው ግን አንድ አይደለም።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ ግን መቐለ ውስጥ አለ፤ በአክብሮት መሰማት ያለበትም እሱ ነው። ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀለ ሰው በትምህርት ቤት ግቢ በድንኳን እየኖረ፣ መምህሩ የ17 ወር ውዝፍ ደመወዙን እየጠየቀ፣ ለኳስ ተጫዋች በጀት ይመደብ ማለት ነውር አይደለም ወይ? ነውር ነው። ለዚህም ነው ክለቡ በከተማው ካዝና ላይ መንጠልጠሉ መቆም ያለበት። የሕዝብ ገንዘብ ለመምህሩ ይሂድ። ክለቡ ደግሞ በአባላት መዋጮ፣ በማሊያ ሽያጭና በስፖንሰር የሚያገኘውን ቆጥሮ፣ በዚያች ልክ ይፈርም። 15 የመቐለና የአካባቢዋ ወጣቶች በትንሽ ደመወዝ፣ ነገር ግን ወር በገባ በማግስቱ እየተከፈላቸው ቢጫወቱ፣ ዘጠነኛ ሆነው ቢጨርሱ ማን ይከፋዋል? ከሩቅ በውድ መጥቶ በሰኔ የማይከፈለውን ኮከብ ከማየት ይሻላል። ከተማዋ ይህን ከራሷ ታሪክ ማወቅ ነበረባት። ጉና ንግድና ትራንስ ኢትዮጵያ በፕሪምየር ሊጉ የመቐለ ስሞች ነበሩ፤ የሚደጉማቸው ድርጅት እጁን ሲሰበስብ ስማቸው ብቻ ቀረ።

የሊጉ አክሲዮን ማህበርም ከደሙ ንጹህ አይደለም። ውድድር ከመጀመሩ በፊት የስታዲየም ሣር ይለካል፣ የማሊያ ቀለም ይመዘገባል። የአሥር ወር ደመወዝ በዝግ ሂሳብ ያላስቀመጠ ክለብ ግን አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ መከልከል ምን ያህል ይከብዳል? ሕጉን የሚያወጣው ጠቅላላ ጉባኤ የክለቦቹ ስለሆነ ይከብዳል፤ ራሱን የሚያስር ገመድ የሚገምድ የለም። ስለዚህ ግፊቱ ከደጋፊው መምጣት አለበት። የትግራይ ስታዲየምን በ2011 የሞላ ሕዝብ ከክለቡ ቦርድ አንድ ወረቀት መጠየቅ አያቅተውም፤ ዓመቱን ሙሉ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ለማን ስንት ወር ዕዳ አለ የሚል። ወረቀቱ ሐምሌ ላይ፣ የመጀመሪያው ተጫዋች ከመፈረሙ በፊት፣ በአደባባይ ይለጠፍ። ቦርዱ ንጹህ ከሆነ የሚያሳፍረው ነገር የለም። ካልሆነም ደጋፊው በቀጣዩ ግንቦት ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።