የካንዴላው መልስ የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ጎግል አሜሪካ ላሉ ተጠቃሚዎቹ ከድረ ገጾች ዝርዝር በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ አጭር መልስ ማቅረብ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተጠቃሚ አይቡ ከፒዛው ላይ እየተንሸራተተ አልጣበቅ ማለቱን ጽፎ መላ ጠየቀ። ማሽኑም ኮስተር ብሎ፣ ሶሱ ውስጥ የኩባያ አንድ ስምንተኛ የሚሆን መርዝ የሌለው ሙጫ እንዲጨምርበት መከረ። ምንጩ ሲፈተሽ ሬዲት በተባለው የውይይት መድረክ ላይ ከ11 ዓመት በፊት አንድ ቀልደኛ ጣል ያደረጋት ኮመንት ሆና ተገኘች።

ሰው በማሽኑ ሳቀ። የሬዲት ጉዳይ ግን የቀልድ አልነበረም። ጎግል ከሦስት ወር በፊት በሬዲት ላይ የተጻፈውን ለመጠቀም ተዋውሎ ነበር፤ ሮይተርስ እንደዘገበው ክፍያው በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ውሉም ከሰማይ አልወረደም። በእንግሊዝኛ የሚፈልጉ ሰዎች ጥያቄያቸውን ከጻፉ በኋላ መጨረሻው ላይ "ሬዲት" የሚል ቃል መጨመር ከለመዱ ቆይተዋል። ማስታወቂያ ለመሸጥ ሲባል ብቻ የተጻፈ ገጽ ስለሰለቻቸው፣ ዕቃውን ገዝቶ የተደሰተ ወይም የተቃጠለ ሰው የሚለውን መስማት ይፈልጋሉ። በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ገጽ የመዘገበው ኩባንያ የሰው ወሬ ለመግዛት ገበያ የወጣው ለዚህ ነው።

ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ፍለጋ መቼም ቢሆን ያለ ሰው ሆኖ አያውቅም። ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፊሎ የተባሉት የስታንፎርድ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያሁን ሲጀምሩ ድረ ገጾችን እያዩ በየርዕሱ የሚመድቡት በእጃቸው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጡት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ሥራውን ለቀመር አስረከቡ ይባላል። ቀመሩ ግን የሚቆጥረው የሰውን ምስክርነት ነው፤ አንድ ሰው በገጹ ላይ የሌላውን ገጽ ሊንክ ሲያስቀምጥ "ይህንንም እዩት" እንዳለ ይወሰድለታል። ኋላ ደግሞ ሊንክ የማያስቀምጠው ተራው ተጠቃሚም ሳያውቀው መራጭ ሆነ። በ2023 ዋሽንግተን ውስጥ በተካሄደው የፀረ ሞኖፖሊ ክስ የጎግሉ ፓንዱ ናያክ "ናቭቡስት" ስለሚባል ሥርዓት መስክረዋል። ሥርዓቱ ሰዎች የትኛውን ውጤት እንደነኩ፣ የትኛውን ዘልለው እንዳለፉ የ13 ወር መዝገብ እየያዘ ደረጃ ያወጣል። ዳኛው አሚት ሜህታ ጎግልን በሞኖፖሊ ጥፋተኛ ካሉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2025፣ ከእንዲህ ዓይነቱ መረጃ ከፊሉን ለተወዳዳሪዎቹ እንዲያካፍል አዘዋል። ሚሊዮኖች በጣታቸው የሚሰጡት ድምፅ ፍርድ ቤት የሚያሟግት ንብረት ሆኗል ማለት ነው።

ስለዚህ የሰው ድምፅ በፍለጋ ውስጥ ይግባ አይግባ ብሎ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። የሚያከራክረው የማን ድምፅ የሚለው ነው፤ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱትም በተሳሳተው ሰው ላይ ነበር።

በወዳጅ ላይ ነው ያፈሰሱት። ጎግል በ2010 አርድቫርክ የሚባል አገልግሎት በ50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ የሰውን ጥያቄ ወደ ወዳጆቹና ወደ ወዳጆቹ ወዳጆች የሚልክ ነበር። በዓመቱ ዘጋው። በጃንዋሪ 2012 ደግሞ የጎግል ፕላስ ጓደኞች ፎቶና ጽሑፍ በፍለጋ ውጤት መሃል እየተሰነቀረ መታየት ጀመረ፤ ጎግል ፕላስ ራሱ በ2019 ተቀበረ። ፌስቡክም በ2013 "ጓደኞቼ የወደዷቸው ምግብ ቤቶች" የሚል ዓይነት ጥያቄ የሚመልስ ፍለጋ በታላቅ ድምቀት አስተዋውቆ ቀስ በቀስ አደበዘዘው። ሁሉም የወደቁበት ምክንያት አንድ ነው። እጁ የወለቀበት ሰው ስም ወዳወጣው ወጌሻ ይሄዳል እንጂ ወደ ሚዜው አይሄድም። ጓደኛ ስለ ኩላሊት ጠጠር፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ውኃ ፓምፕ ያውቃል የሚል ዋስትና የለም፤ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ማንነቱ የማይታወቅ ባዳ ነው።

ደቡብ ኮሪያውያን ይህን የተማሩት ከችግር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈጣን ኢንተርኔት በየቤቱ ገብቶላቸው በኮሪያኛ የተጻፈው ነገር ግን ጥቂት ነበር። መፈለጊያ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ያልተጻፈ ነገር አያገኝም። አንባቢ ጠይቆ አንባቢ የሚመልስበትን ዘዴ ቀድሞ የሞከረው የሃንኪዮሬ ጋዜጣ የኢንተርኔት ክፍል ነው። ናቨር የተባለው ኩባንያ ሐሳቡን ወስዶ በኦክቶበር 2002 "ጂሺክ ኢን" የተባለውን አገልግሎቱን ከፈተ። ሰው መጀመሪያ ይፈልጋል፤ መልስ ካጣ ጥያቄውን እዚያው ይጽፋል፤ የሚያውቅ ይመልስለታል፤ ጠያቂው የተሻለውን ይመርጣል፤ የመለሰው ነጥብና ማዕረግ ያገኛል። ቀጣዩ ሰው ያንኑ ሲፈልግ መልሱ ገጹ አናት ላይ ይጠብቀዋል። የቤት ሥራም ይሁን የትዳር ጣጣ፣ የኪምቺ አሠራርም ይሁን የግብር ስሌት በዚህ መንገድ ተጽፎ ተከማቸ፤ ናቨርም በገዛ አገሩ ጎግልን ለብዙ ዓመታት አስከትሎ መራ።

ያሁ ተመሳሳይ ነገር በ2005 በእንግሊዝኛ ሞክሮ በ2021 ዘጋ። እንግሊዝኛ መጀመሪያውኑ የገጽ ድሀ አልነበረም፤ ሰው ለቁም ነገሩ ሌላ የሚሄድበት ነበረውና ያሁ ዘንድ ቀልዱና ጨዋታው ተረፈ። የኮሪያው ዘዴ የሠራው መፈለጊያውና ጠያቂው አንድ ቤት ስለነበሩ ነው። ናቨርም ቢሆን ጻድቅ አይደለም፤ ያከማቸውን ለውጭ መፈለጊያዎች ለረጅም ጊዜ ዘግቶ ይዟል፣ መላሽ መስለው ዕቃቸውን የሚያሻሽጡ ነጋዴዎችም ገብተውበታል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስል። ኡባ በትለር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ፣ ቀድሞ በክፍያ የሐሰት አስተያየት ይጽፍ የነበረ፣ በ2017 ለንደን ዳልዊች ሰፈር የሚኖርበትን የጓሮ መጋዘን ትሪፕአድቫይዘር ላይ ምግብ ቤት ብሎ አስመዘገበ። ከመላጫ አረፋና ከመሰል ጉድ "ምግብ" ሠርቶ ፎቶ አነሳ፤ ወዳጆቹን አስተያየት አስጻፈ፤ ለሚደውል ሁሉ "ቦታ የለም" አለ። በኖቬምበር መጋዘኑ ከ18 ሺህ በሚበልጡ የለንደን ምግብ ቤቶች ላይ አንደኛ ወጣ። አንድ ምሽት እንግዶች ጠርቶ ከሱፐርማርኬት የገዛውን የታሸገ ምግብ አሙቆ አቀረበላቸው፤ ሌላ ቀን ለመምጣት ቀጠሮ የጠየቁም ነበሩ። ጎግል በ2023 ብቻ ከካርታው ላይ ያገዳቸውና ያነሳቸው ደንብ የጣሱ አስተያየቶች ከ170 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ገልጿል። የሕዝብ ድምፅ ዋጋ ሲያወጣ ሐሰተኛው አብሮ ይመጣል፤ ሙጫውን ያመጣው ደግሞ ሐሰት እንኳ ሳይሆን ተራ ጨዋታ ነው፤ ማሽኑ ቀልድ አይለይማ!

ከሐሰተኛው ይልቅ የሚያሰጋው ግን የመላሾቹ መጥፋት ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከ2008 ጀምሮ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ እርስ በርስ በነጻ ሲረዳዱ ኖረዋል። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 መጣ፤ ከዚያ ወዲህ መድረኩ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ በእጅጉ አሽቆለቆለ። ማሽኑ እውቀቱን ከቀሰመባቸው ቦታዎች አንዱ ያው መድረክ ነው። ሰው መልሱን ከማሽን ካገኘ የጻፈለትን ሰው አያይም፣ አያመሰግንም፣ ነጥብ አይሰጥም። ያልተመሰገነ መላሽ ደግሞ የነገውን አዲስ ችግር ለምን ብሎ ይጽፋል? ከሬዲት ውል የሚገኘው ዓመታዊ ክፍያም የሚገባው ለኩባንያው ካዝና ነው።

አማርኛ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ኮሪያኛ ያኔ ከነበረበት ብዙም አይርቅም። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ዛሬም 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው። እውቀቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ያለው ቴሌግራም ውስጥ ነው።

የአዲስ አበባ የመኪና ባለቤቶች በሚሰባሰቡባቸው ግሩፖች እንዲህ ያለ ጥያቄ ብርቅ አይደለም፦ "ሰላም ቤተሰብ፣ ቪትዝ 2003 ነች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ምን ይሻላል?" አንዱ "ካንዴላ ቀይርላት" ይላል። ሌላው የቤንዚን ፊልትሮ ነው ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው "ሽጣትና ተገላገል" ብሎ የሳቅ ምስል ያክልበታል። ከዚያ አንድ መካኒክ ይገባና "ወንድሜ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለ? ቆማ ስትሠራስ ትንቀጠቀጣለች?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ከሰማ በኋላ ባለመኪናው ካንዴላ ለመግዛት ከመሮጡ በፊት ኮይሎቹን ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው እያቀያየረ እንዲሞክር፣ ችግሩ ከኮይሉ ጋር አብሮ ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ እንደሆነ በድምፅ መልእክት ያስረዳዋል። በማግስቱ "ተባረክ፣ አንደኛው ኮይል ነበር" የሚል ምስጋና ይመጣል።

በሳምንቱ ሌላ ባለ ቪትዝ ያንኑ ይጠይቃል። የመካኒኩ ድምፅ በሽያጭ ማስታወቂያና በመልካም በዓል ምኞት ተሸፍኗል፤ መካኒኩም ሥራ ላይ ነው። ካንዴላ ተገዝቶ ይቀየራል፤ መኪናዋ መንቀጥቀጧን ትቀጥላለች። የግሩፕ ወሬ ወደ መፈለጊያ ስለማይገባ ጎግልም የሚያውቀው ነገር የለም። በሪያድና በዱባይ ያሉ እህቶች ስለ ደመወዝና ስለ ጉዞ ወረቀት እርስ በርስ የሚሰጣጡት ምክርም፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ማኅበረሰብ ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚለዋወጠው ልምድም በዚሁ መንገድ እየተነገረ ያልፋል።

ወደ ክፍቱ ኢንተርኔት የወጣው ጥቂቱም ቢሆን ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል። ያው አንድ ነገር በአንዱ ገጽ "ፀሐይ"፣ በሌላው "ጸሀይ" ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን መፈለጊያ ከሚማርባቸው መንገዶች አንዱ የተጠቃሚው ክሊክ ነው፤ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ባነሰ ቁጥር ትምህርቱ ይዘገያል። ተናጋሪው እጁን ሲያስገባ ግን ለውጥ እንደሚመጣ ታይቷል። ጎግል ትራንስሌት በፌብሩዋሪ 2016 አማርኛን ሲጨምር የበጎ ፈቃድ ተርጓሚዎች እገዛ ነበረበት፤ ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ስብስብም በ2021 ባሳተመው፣ ማሽን የሰውና የቦታ ስሞችን መለየት በሚማርበት የጽሑፍ ክምችት ውስጥ አማርኛን ያካተተው በተናጋሪዎቹ ጉልበት ነው።

ታዲያ በየግሩፑ የተበተነውን እውቀት ሰብስቦ ለፍለጋ የማብቃቱ ሥራ የማን ነው? ከሲሊከን ቫሊ መጠበቁ ብዙ አያዋጣም፤ አማርኛ ለእነሱ ትንሽ ገበያ ነው። የግሩፕ አድሚኖች ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ከሁሉ ይልቅ ኃላፊነቱ የሚመለከተው የአገር ውስጥ ጋዜጦችንና ሬዲዮ ጣቢያዎችን ይመስላል። የኮሪያው ሙከራም የተጀመረው ከጋዜጣ ቤት ነው። እዚህም ቢሆን የሕግ ባለሙያ ስለ ውርስ፣ ሐኪም ስለ ስኳር በሽታ የአንባቢና የአድማጭ ጥያቄ ሲመልስ መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የተመለሰው ግን ከዕለቱ እትም ወይም ከዕለቱ ስርጭት ጋር ያልፋል እንጂ በጽሑፍ ተለቅሞ፣ በርዕስ ተለይቶ፣ ማንም ሊፈልገው በሚችል ክፍት ገጽ ላይ አይቀመጥም።

ይህን ለመጀመር አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። የመላሹ ስምና ሙያ፣ መልሱ የተሰጠበት ቀን፣ "ይህ ሞክሬው ሠርቷል" የሚል ሰው ቁጥር፣ ስህተት ሲገኝ የሚታረምበት ቦታ፤ እነዚህ ቢኖሩ ይበቃል። ቀኑ በተለይ አይዘለል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ከዚያ በፊት ስለ መለዋወጫ ዋጋ የተጻፈ መልስ ዛሬ ለሚገዛ ሰው አይጠቅመውም። መካኒኩም ከስሙ ጎን የጋራዡ ሰፈር ቢጻፍለትና ደንበኛ ቢያገኝበት፣ የሚቀጥለውን መልስ በድምፅ ከመላክ ይልቅ ቁጭ ብሎ ለመጻፍ ምክንያት ይኖረዋል።